«ወንድም አለሽ?» ሲሉኝ «የለኝም» አልኩ፤ ልጄ ይህን በሥዕል ልትሠራው ትፈልጋለች

የገዳሪፍ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት ጥያቄዬ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሱኝ።

የምኖረው ስዊድን፣ ማልሞ ነው። ባለፈው ወር ከ14 ዓመት ልጄ ጋር «ፍሊ» የሚባለውን አኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም አየን። ርእሱ «ሽሽት» እንደ ማለት ነው። ዮናስ ፖኸር ራስሙሰን የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ነው። የመረጠችው እሷ ናት። ሥዕል ነፍሷ ነው፤ በ2022ቱ ኦስካር በዘጋቢ፣ በአኒሜሽንና በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ በአንድ ጊዜ የታጨ የመጀመሪያው ፊልም መሆኑን ሰምታ ካላየሁት ብላ ነበር። እኔ የልጆች ፊልም መስሎኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ በሩቁ ነበር የጀመርኩት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቢላዋውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሚን የካቡል ልጅ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ግን አይደለም። አባቱን የኮሚኒስቱ መንግሥት ወስዶት በዚያው ቀርቷል። ሙጃሂዲኖች ካቡልን ሊይዙ ሲቃረቡ ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ወደ ሞስኮ ይሸሻሉ። ቪዛቸው ያልቃል። ፖሊስ መንገድ ላይ ካገኛቸው ኪሳቸውን ያራግፋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ቴሌቪዥን ያያሉ። እህቶቹ መርከብ ላይ በተጫነ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሊያልቁ ለጥቂት ይተርፋሉ። እሱና እናቱ በባሕር ሲሞክሩ የተጫኑባት ጀልባ ውኃ እየገባባት ሳለ አንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ይደርስባቸዋል። ተረፍን ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ከላይ የቆሙት መንገደኞች ፎቶ ያነሷቸዋል። መጨረሻው የኢስቶኒያ እስር ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አሚን ብቻውን ኮፐንሃገን ይገባል። አሻጋሪው ግን አስጠንቅቆታል፤ ቤተሰቦቼ በሙሉ ሞተዋል ካላልክ ይመልሱሃል ብሎ። ልጁም እንደተባለው ይላል። እናቱ በሕይወት እያለች፣ እህቶቹና ወንድሙ ስዊድን እያሉ፣ «ሁሉም ሞተዋል» የሚለውን ቃል ተሸክሞ ይኖራል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ልጄ ፊልሙን አቆመችውና ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ አንቺስ ምን ብለሽ ነው የገባሽው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ የነገርኳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ከጎንደር በሱዳን አድርገን መጣን። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፈርን። አለቀ።

በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ወንድሜ 17 ሆኖታል። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ከወጣ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። «አፈሳ መጣ» በተባለ ቁጥር ወንድሜ የጎረቤት ጎተራ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ፀጉሩ ላይ ገለባ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን እናቴ የአንገት ወርቋን ሸጠችና ሦስታችን በአይከል በኩል ወደ መተማ ቁልቁል ጀመርን። ቀን ቁጥቋጦ ሥር እንተኛለን፤ ሌሊት እንሄዳለን። ጓንግን ስንሻገር ወንድሜ አዘለኝ። ውኃው ደረቱ ላይ ደርሷል። መሐል ላይ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማዬ ወለቀና ወንዙ ይዞት ሄደ። ድምፅ አውጥቼ እንዳላለቅስ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ጥለቱ ጨው ጨው ይል ነበር። ስለ ጠረፉ ወታደሮች፣ ስለ ሽፍታው፣ ስለ ጅቡ ትልልቆቹ ብዙ ያወራሉ። እኔ ዘንድ የቀረው የጥለቱ ጣዕምና ጭቃ የገባበት ባዶ እግሬ ነው። የግራው ይመስለኛል። ገዳሪፍ የገባሁት በአንድ ጫማ ነው።

ገዳሪፍ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ሁለት ዓመት ከቆየን በኋላ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ገባን። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ወንድሜ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፤ በየወሩ በሰው እጅ ገንዘብ ይልካል። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስድስት ወር ሙሉ አየሁት የሚል ሰው ታጣ። በዚሁ መሐል ስዊድን የመሄዱ ዕድል ደረሰን። ፎርም የሚሞላልን ሰውዬ እናቴን «አቅመ አዳም የደረሰ ልጅ አለኝ ካልሽና እሱ ካልቀረበ ፋይልሽ ከጠረጴዛ አይነሣም። ሁለት ነን በይ» አላት። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አስጠናችኝ። ወንድም አለሽ? የለኝም። ኖሮሽ ያውቃል? አያውቅም። ስሳሳት እንደገና። ወደ ንጋት ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ ማስጠናቷን ግን አላቆመችም።

ቢሮው ውስጥ የጣሪያ ማራገቢያ ነበር። አንዱ ክንፉ ተጣሞ በዞረ ቁጥር ጠቅ ይላል። ጠያቂዋ ሴትዮ ደግ ነበረች፤ ከረሜላ ሰጠችኝ። «ወንድም አለሽ?» ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። «የለኝም» አልኩ። ከረሜላው አፌ ውስጥ ነበር። ዐሥር ዓመቴ ነው።

ወንድሜ አልሞተም። ደርግ ሲወድቅ ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። በየበዓሉ እንደዋወላለን። እናቴም ከማረፏ በፊት ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። ያንን ቀን ግን እሷም አላነሣችለትም፣ እኔም አላነሣሁለትም።

አሁን ልጄ ይህን ለትምህርት ቤት የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ልታደርገው ትፈልጋለች። እኔ መወሰን አቃተኝ። እናቷ «የለኝም» ያለችበትን ቀን በ14 ዓመት ልጅ እጅ መስጠት ይገባል? ወንድሜን ላስፈቅደው ብል ደግሞ መጀመሪያ ልነግረው ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ የነገረ፣ ወይም በሥዕል የሠራ ሰው ካለ ምክሩን እሻለሁ።


የከሰል ሰዓሊ፦

እህቴ፣ ታሪክሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ እንጀራዬ የመጻሕፍት ሥዕልና አጫጭር አኒሜሽን ነው። ልንገራት ወይስ አልንገራት የሚለውን ልጆች ላሳደጉት ልተወውና ስለማውቀው ስለ ሥራው ላውራ።

ያያችሁት ፊልም በሁለት ዓይነት እጅ የተሳለ መሆኑን ልጅሽ ሳታስተውል አትቀርም። አሚን በደንብ የሚያስታውሰው ነገር ቀለም አለው፤ የካቡል መንገድ፣ የሞስኮ በረዶ፣ የኮፐንሃገን ቤት። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ ወይም እሱ ራሱ ያላየውን ሲተርክ፣ ለምሳሌ እህቶቹ ኮንቴይነሩ ውስጥ የሆኑትን፣ ቀለሙ ይጠፋና ፊት የሌላቸው ጥቁርና ግራጫ መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። በየመካከሉ ደግሞ የዘመኑ እውነተኛ የዜና ምስል ይገባል፣ ነገሩ በዚህች ምድር ላይ የሆነ መሆኑን ተመልካቹ እንዳይረሳ። ይህንን ያሰበ ሰው ሥዕልን ለማሳመሪያ አልተጠቀመበትም። አንቺ ጓንግን ታስታውሺዋለሽ፤ ፖርት ሱዳንን አላየሽውም። ልጅሽ ሁለቱን በአንድ ዓይነት እጅ ብትስላቸው ለእኔ ስሕተት ነው።

ድምፁን አስቀድሙ። ሥዕሉ ድምፅን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ራስሙሰን ከሬዲዮ ሥራ ያመጣው ዘዴ አለ፤ ተራኪውን ያጋድመዋል፣ ዓይኑን ያስጨፍነዋል፣ ከዚያ በአሁን ጊዜ እንዲናገር ይጠይቀዋል። እንዲያ ተኝተሽ ልጅሽ ትጠይቅሽ። «ምን ተሰማሽ?» ብላ እንዳትጀምር ግን ንገሪያት። እግርሽ ሥር ምን አለ? ነጠላው ምን ይሸታል? ማራገቢያው በየት በኩል ነው? ብላ ትጠይቅ። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ረስቼዋለሁ ያለውን ነገር እጁ ላይ ያገኘዋል።

አሁን ወደ አድካሚው ነገር። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚያልፈው፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እየያዝን በ12 እንሠራዋለን። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ 2,160 ሥዕል ማለት ነው። ለአንዲት ልጅ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ከሰል ትያዝ። አንድ ወፍራም ወረቀት፣ አንድ ከሰል፣ አንድ ላጲስ፣ ከላይ የተሰቀለ ስልክ። ትስላለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ከዚያው ወረቀት ላይ ጥቂት ታጠፋለች፣ እንደገና ትስላለች። በሰከንድ ስድስት ምስል ይበቃታል። ከሰል ደግሞ ጠርጎ አይጠፋም፤ ወንድምሽ ውኃው ውስጥ አንድ እርምጃ ሲራመድ የቀድሞው እርምጃ ጥላ ከኋላው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ይህ በኮምፒውተር አይገኝም ብዬ አልከራከርም፣ ግን በእጅ ሲሆን አንጀት ይበላል።

አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ታስብበት። ስዊድን ያደገች ልጅ ኮንጎ ጫማ ምን እንደሚመስል ታውቃለች?


የድሮ መንገደኛ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ነፍሷን ይማር። እኔ ግን በዚህ በካርቱን ነገር አልስማማም። በበረሃ የወጣን ሰዎች ነን። ውኃ ጥም በሥዕል አይገለጽም። ልጅሽን ቡና አፍልተሽ፣ ዕጣን አጭሰሽ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ንገሪያት። ከአፍ ወደ ጆሮ ይበቃል። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲታይ ነገሩ ይቀልብኛል።


አስተርጓሚው፦

አባቴ፣ ንግግርዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ፊቱን ማሳየት ለማይችል ሰው ሥዕል መጠለያው እንደሆነ ይፍቀዱልኝ ልበል። ፊልሙ ውስጥ የምንሰማው የአሚን የራሱ ድምፅ ነው። ፊቱን ግን ማንም አላየም፤ ገበያ ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። ካሜራ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰላም ያጣ ነበር፣ ምናልባትም አፉን አይከፍትም ነበር።

እህቴ፣ እኔ አውሮፓ ውስጥ በጥገኝነት ቃለ መጠይቆች ላይ ብዙ ዓመት አስተርጉሜያለሁ። የየትኛው አገር እንደሆነ ልተወው። በእኛ ሰው ዘንድ «ታሪኩ ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ኬዙ ምንድን ነው?» ነው የሚባለው። ኬዝ ቀንና ሰዓት አለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ሲደጋገም አይዛነፍም። የሰው ሕይወት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሐሰት ተናጋሪው ሲያልፍ፣ እውነተኛው በገዛ እውነቱ ሲወድቅ አይቻለሁ።

አንዲት እናት አልረሳትም። «ሁለት ሰዓት ላይ መጥተው ልጄን ወሰዱት» ብላ ነበር በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ። የዚያን ቀን የነበረው አስተርጓሚ ቁጥሩን እንዳለ አሳለፈው፤ በፋይሉ ላይ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ተብሎ ሰፈረ። በሁለተኛው ላይ እኔ ነበርኩ። ቡና አቅርባ፣ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ወጥታ እንደነበር ተናገረች። ጠያቂው ወረቀቱን እያገላበጠ «ሌሊት ነው ወይስ ጠዋት?» አላት። የእኛ ሁለት ሰዓት የእነሱ 8 ሰዓት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሴትዮዋ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ሌባ ስትታይ ተቀምጣ ነበር። የዓመቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት እንለያያለን። በጳጉሜን 3 የሆነ ነገርስ? አሥራ ሦስተኛ ወር አለን ብሎ ማስረዳት ራሱ አንድ ክርክር ነው። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ስንቱ የእኛ ሰው በአንድ ቀን የተወለደ መስሎ እንደሚኖር አስቢው።

ልጆች ሲጠየቁም ተቀምጬ አይቻለሁ። ልጅ ከመመለሱ በፊት ጠያቂውን አያይም፤ ይዞት የመጣውን ትልቅ ሰው ፊት ነው የሚያየው። አንቺም ያኔ እናትሽን ሳታዪ አልቀረሽም። ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችውን ትምህርት ለእናቷ መለሰች። ይህንን ውሸት ብለሽ ለልጅሽ አትስጫት። ስሙን ቀይሪው።

ወንድምሽን ግን ሳትነግሪው አንዲት መስመር እንዳይሳል። የጠፋው ስም የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ የፋይል ቁጥር፣ የቢሮ ስም፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የማንንም ሙሉ ስም አታስገቡ። የሕግ ጥያቄ ካሳሰበሽ በዚህ ላይ መልስ አትፈልጊ፤ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።


ከነታንያ፦

ሰላም እህቴ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ከጎንደር አካባቢ በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወጥተን በእግር ሱዳን የገባን ነን። ስምንት ዓመቴ ነበር። እኛም ሌሊት ነበር የምንሄደው፤ ምናልባት ጓንግን የተሻገርነው በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ይሆናል። ይህን ሳስብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኡም ራኩባ ካምፕ ስንደርስ አባቴ ልጆቹን ሰብስቦ አይሁድ መሆናችንን ለማንም እንዳንናገር አዘዘን። በመንደራችን ሽመላ ሲያልፍ ቀና ብለን ኢየሩሳሌም ደኅና ናት ወይ እያልን ስንጠይቅ ያደግን ልጆች፣ ኢየሩሳሌም የሚለውን ቃል መዋጥ ተማርን። ሰንበት ሲደርስ እናቴ ከጎረቤት ዓይን ለመሸሸግ ባዶ ድስት እሳት ላይ ትጥድ ነበር፣ የምታበስል እንድትመስል። የድስቱ ታች ሲጠቁር አስታውሳለሁ። ታናሽ እህቴን እዚያ ቀበርናት። በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ባለው ጊዜ 8,000 ያህል ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወጣ እኛም ከመካከላቸው ነበርን። ዜናው ወጣና በረራው ተቋረጠ፤ ከኋላ የቀሩት ቀሩ። በመንገድና በካምፕ የሞቱብን 4,000 ያህል ናቸው። በኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እዚያ እንሰበሰባለን።

አገራችን ብለን ደርሰን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የገባሁበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ስሜን ለወጠው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም መምህሯ ለመጥራት ከበዳትና ዕብራይስጥ ስም ሰጠችኝ። ለ30 ዓመታት በዚያ ስም ተጠራሁ። ባለፈው ዓመት የበኩር ልጄ በሥራ ቤቱ ስለ እኔ ሲያወራ የቀድሞውን ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። ከአያቱ ጠይቆ ነው ያገኘው። እኔ አልነገርኩትም ነበር።

አሚን በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ቤት ማለት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደኅንነት ያለበት፣ መቆየት የምትችልበት፣ ተነሥተህ ወደ ሌላ መሄድ የማይኖርብህ ቦታ እንደሆነ ይመልሳል። አባቴ ቢሆን እንዲህ አይመልስም ነበር። ለአባቴ ቤት ማለት ሳያዩት የሚታወቅ ነገር ነው፤ ኢየሩሳሌምን ሳያያት 60 ዓመት ኖረባት። እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነኝ።

ለልጅሽ ንገሪያት። ከአንቺ ካልሰማች ከሌላ ሰው ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን እንደ ደበቅሽ ነው የምትጠይቅሽ። ለወንድምሽም አሁኑኑ ደውይለት። እኔ ለእህቴ ልደውልላት አልችልም።


የገዳሪፍ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዝም ያልኩት ለማሰብ ነው። ከነታንያ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የባዶውን ድስት ነገር ለልጄ አነበብኩላት፤ እህትህን ነፍሷን ይማር። አባቴ «የድሮ መንገደኛ»፣ ቡናውን አፍልቻለሁ፣ ዕጣኑንም አጭሻለሁ። እርስዎ እንዳሉት ፊት ለፊት ነው የነገርኳት። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ለወንድሜ ለመደወል ድፍረት የሰጠኝ ከፊልሙ አንድ ቦታ ነው። አሚን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው፤ ይህንንም ከቤተሰቡ ደብቆ ነው ያደገው። ስዊድን ላሉት ለእህቶቹና ለወንድሙ ሲነግራቸው ቤቱ ጸጥ ይላል። ታላቅ ወንድሙ «ተነሥ» ይለውና በመኪና ይወስደዋል። ወዴት እንደሆነ አይነግረውም። ደጃፍ ላይ ያወርደዋል፤ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ጭፈራ ቤት ነው። ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ቀድሞም እናውቅ ነበር ይለዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙዎቻችሁ ሌላ ሐሳብ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ዓይኔ የቀረው ገንዘቡን በዘረጋው እጅ ላይ ነው። ታላቅ ወንድም ያለው ሰው ይህንን እጅ ያውቀዋል። ጓንግ ውስጥ ሁለት ጭኖቼን ከኋላ ጠፍንጎ የያዘኝ እንዲህ ያለ እጅ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩለት። ሰላምታው ረዘመ፤ ልጆቹ፣ ጤናው፣ የኑሮ ውድነቱ። ከዚያ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። ካርቱም፣ ቢሮው፣ ማራገቢያው፣ ጥያቄው። «የለኝም» ያልኩትን ስነግረው ድምፄ ከዳኝ። ከዚያ ወገን ምንም አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«ስንት ዓመትሽ ነበር ያኔ?» አለኝ።

«ዐሥር።»

«ከረሜላው ምን ዓይነት ነበር?»

አላወቅሁም። ስለ ሌላው ነገር የሚጠይቀኝ ሰው አላጣሁም፤ ስለ ከረሜላው ግን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ቀይ ይመስለኛል አልኩት። ከዚያ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። እሷም «ምን ብለሽው ነው? ደጅ ወጣ እኮ» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ሰኞ አልደወለም። ማክሰኞም። እናቴ ቀድማ ነግራው እንደሆነም አልጠየቅሁትም፤ አሁን ሳስበው ሁለት ጊዜ ሄዳ ያየችው ያለ ነገር አይመስለኝም።

በዚህ መካከል ልጄ ሥራዋን ጀምራለች። ሶፋው ላይ አጋድማኝ ዓይኔን አስጨፈነችኝና ስልኳን ደረቴ ላይ አደረገች። ከሰሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አጥቁሮታል። ወንድሜን ከጀርባ ሳለችው፤ ፊት የለውም፤ ትከሻና ውኃ ብቻ ነው። የእኔ እግር ከጎኑ ተንጠልጥሏል። እግሩ ላይ የሳለችው ግን ስኒከር ነበር፣ ክር ያለው። «የከሰል ሰዓሊ»፣ አንተ ቀድመህ አይተኸዋል። ከፕላስቲክ ነው የተሠራው፣ ክር የለውም፣ ውኃ ሲገባበት ይጮኻል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ አጠፋችው፣ ሦስት ጊዜ ሳለችው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

ረቡዕ ማታ ከወንድሜ ፎቶ ደረሰኝ። «ቅዳሜ ገበያ» የሚባለው የጎንደር ገበያ ሄዶ ነው ያነሣው፤ በሸራ ላይ የተደረደሩ ኮንጎ ጫማዎች፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ። አንዱን ጥቁር የልጅ ጫማ ለይቶ አንሥቶ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሁለተኛ ፎቶ አንሥቶታል። ጣቶቹ አርጅተዋል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

«ለልጅሽ አሳያት። ወንዙ የወሰደው የግራውን ነው። ቀኙን እኔ ነኝ ገዳሪፍ ላይ የሸጥኩት፣ አንድ እግር ለሌለው ልጅ፤ አልነገርኩሽም ነበር።»

ልጄ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አቁማ አዲስ ወረቀት አወጣች።